የኮክና የዘይቱን ትልን በፈንገስ መከላከል፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ግራም?

(ጥያቄና መልስ፤ በየክፍሉ አናት ያለው የጸሐፊው መጠሪያ ነው)

የግቢው አትክልተኛ

ሰላም ለቤቱ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ 34 የፍራፍሬ ዛፎች አሉ፦ 12 ኮክ፣ 9 ዘይቱን፣ 6 አፕል፣ 4 ሎሚ፣ 3 አቮካዶ። አቮካዶው ደህና ነው። የሌሎቹ ችግር እንዲህ ነው፦

ኮኩና ዘይቱኑ ሊበስል ሲል ውስጡ በነጭ ትል ይሞላል። ከላይ የሚታየው መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ብቻ ነው፣ ሲከፈት ግን ሥጋው ውሃ ሆኗል። አፕሉ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ የሚመስል ነገር ይዟል፤ በጣት ሲዳጥ ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል። የሎሚው ቅጠል ከሥሩ ነጭ ዝንብ አለበት፣ ከላይ ደግሞ ጥላሸት ለብሷል።

ልጆች ስለሚጫወቱበትና ፍሬው ከዛፉ እየተቀጠፈ ስለሚበላ ግቢው ውስጥ ኬሚካል እንዳይረጭ ስምምነት አለ። ነፍሳትን የሚያጠቁት ፈንገሶች፣ ቦቬሪያና ሜታራይዚየም፣ ለዚህ ይሆናሉ ተብሏል። የትኛው ለየትኛው ነው? ያለን 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ነው፣ ስንት ግራም ይገባበታል? ሩዝ ላይ ቤት ውስጥ ማራባት ይቻላል የሚባለውስ እውነት ነው?

ከአፈር ጀምር

ሦስቱንም በአንድ መርጫ ለመጨረስ ካሰባችሁ ከመነሻው ትከስራላችሁ። ኮኩና ዘይቱኑ ላይ ያለው የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ ለእሱ ፈንገሱ የሚገባው አፈር ውስጥ እንጂ ቅጠል ላይ አይደለም።

ምክንያቱ ይኸው። እናቲቱ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትወጋለች። ትሉ ፍሬው ውስጥ እስካለ ድረስ የምትረጩት ምንም ነገር አያገኘውም። ሲጠግብ ግን ፍሬውን በስቶ ይወጣል ወይም ከፍሬው ጋር ይወድቃል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ ግማሽ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቡናማ ቅርፊት ነው። ከሳምንታት በኋላ ዝንብ ሆኖ ያንኑ አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። ስለዚህ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ በአፈሩ ማለፍ ግዴታው ነው። ፈንገሱ መበላት አያስፈልገውም። ስፖሩ (የፈንገሱ ደቃቅ ዘር) ቆዳው ላይ ተጣብቆ ያቆጠቁጣል፣ ቆዳውን በኢንዛይም እያሟሟ ይገባል፣ ውስጡ ይራባል።

ልብ በሉ፣ ቅርፊቱ ከጠነከረ በኋላ ሙሽሬውን መግደል ከባድ ነው። የምትይዙት ወይ ገቢውን ትል ወይ ወጪውን ዝንብ ነው። ስለዚህ ፈንገሱ አፈር ውስጥ መገኘት ያለበት ፍሬው ቀለም መለወጥ ከመጀመሩ 3 ወይም 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ትል ከታየ በኋላ ቢደረግ የሚጠቅመው የሚቀጥለውን ትውልድ ለመቀነስ ነው።

አሠራሩ፦ ሜታራይዚየም ምረጡ፣ አፈር ውስጥ ከቦቬሪያ ይልቅ ኑሮው ነው። ቅርንጫፉ እስከተዘረጋበት ድረስ ያለውን መሬት ከቅጠልና ከፍሬ አጽዱ። በመኮትኮቻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀስቅሱ፣ ከዚያ በላይ ሥሩን ትጎዳላችሁ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በካሬ ሜትር 5 ሊትር ያህል አጠጡ። የተበጠበጠውን ፈንገስ ቀዳዳው በሰፋ ውሃ ማጠጫ አፍስሱ፣ ወዲያው በመንሽ ወይም በመኮትኮቻ አደባልቁት። ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሸክላማ አፈር ስፖሩን እንደ ወንፊት ላዩ ላይ ያስቀረዋል፣ ላዩ ላይ የቀረው ደግሞ ፀሐይ ይጨርሰዋል። መጨረሻ ላይ በደረቅ ሣር ሸፍኑት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ድገሙ።

ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ አይሠራም፣ ክረምት ላይ ጎርፍ የሚያልፍበት ተዳፋትም እንዲሁ። አመድና ኖራ እዚያው አትድፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያስተውለውም። ግቢው ኮብልስቶን ከሆነ ትሉ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ይሳብና በድንጋዮቹ መሃል ያለው አሸዋ ውስጥ ይገባል። ከዛፉ ሥር ያለውን አፈር ብታክሙ እሱ ድንጋይ መሃል ተመችቶት ያድጋል። ድብልቁን ስንጥቆቹ ላይ አፍስሳችሁ በመጥረጊያ አስገቡት።

የወደቀ ፍሬ በሳምንት ሁለቴ ካልተለቀመ ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ የለውም። የተለቀመውን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት ተዉት። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ መጣል ዝንብ ማርባት ነው።

ስፖር ቆጣሪ

ከላይ ያለው ትክክል ነው። እኔ ወደ ግራሙ ልሂድ፣ ምክንያቱም «በመርጫ ስንት ማንኪያ» ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ሊያሳስታችሁ ይችላል። መጠኑን የሚወስነው እሽጉ ላይ የተጻፈው የስፖር ብዛት ነው።

ለቅጠል፦ የተለመደው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ስፖር ነው። 16 ሊትር ማለት 16,000 ሚሊ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 160 ቢሊዮን ስፖር ያስፈልጋል። ዱቄቱ በግራም 1 ቢሊዮን ካለው 160 ግራም፣ በግራም 10 ቢሊዮን ካለው 16 ግራም ብቻ። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። እሽጉ ላይ የራሱ መመሪያ ካለ ግን እሱ ይቅደም።

ለአፈር፦ በአንድ ግራም አፈር 1 ሚሊዮን ስፖር እንዲደርስ አስቡ። አንድ ካሬ ሜትር መሬት በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 50 ሊትር ነው፣ ሲመዘን ወደ 60 ኪሎ። ስለዚህ በካሬ ሜትር 60 ቢሊዮን ስፖር። ግንዱን መሃል አድርጎ 1.5 ሜትር የተዘረጋ ኮክ 7 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በግራም 1 ቢሊዮን ባለው ዱቄት ለአንድ ዛፍ 420 ግራም፣ በ10 ቢሊዮኑ 42 ግራም ይሆናል። 21ዱን የኮክና የዘይቱን ዛፎች በዚህ ብታባዙት አንዱ 8.8 ኪሎ ገደማ፣ ሌላው 880 ግራም ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የኪሎውን አትዩ፣ የቢሊዮን ስፖሩን ዋጋ አስሉ። ርካሹ እሽግ ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል።

ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ምዝገባው። በሕጉ መሠረት ፀረ ተባይ አገር ውስጥ ለመሸጥ መመዝገብ አለበት፣ ሕያው ፈንገስም ቢሆን። ስያሜውን ብቻ ሳይሆን የምዝገባ ቁጥሩንም ጠይቁ። ሁለተኛ የዝርያው መለያ። ሜታራይዚየም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለምሳሌ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ተቋም፣ ኢሲፔ፣ የለየው 69 ቁጥር ዝርያ ለፍራፍሬ ዝንብም የተሞከረ ነው፣ ለአንበጣ የሚውለው ሜታራይዚየም አክሪደም ግን ከአንበጣና ፌንጣ ዘመዶች ውጭ አይጠቅማችሁም። ሦስተኛ የተቀመጠበት ቦታ። ይህ ሕይወት ያለው ነገር ነው። መደርደሪያ ላይ መስኮት ሥር የከረመ እሽግ ቀኑ ባያልፍም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከፍሪጅ የሚሸጥላችሁን ምረጡ፣ ቤትም በ4 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አይሁን። መኪና ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትሂዱ።

አበጣጠሩ፦ ስፖሩ ውሃ ይፈራል፣ እንደ በርበሬ ዱቄት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምራችሁ ዱቄቱን እንደ ሊጥ ለውሱት፣ 30 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ አቅጥናችሁ በሻሽ አጥልሉ። ሳሙናው ሲበዛ ስፖሩን ስለሚጎዳ ጠብታ ማለቴ ጠብታ ነው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ባልዲ ያደረ ውሃ ተጠቀሙ። የተበጠበጠው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይቆይም። ስፖሩ ስለሚዘቅጥ እየረጫችሁ መርጫውን በየጊዜው ወዝውዙ። አፍንጫው ውስጥ ያለው ወንፊት በጣም ደቃቅ ከሆነ ይደፈናል፣ በሰፋ ለውጡት።

ዱቄቱን ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ፣ ዐይናችሁንም ጠብቁ። መርዝ ባይሆንም ማንኛውም የስፖር ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል።

የአፕል ነገር

ጥጥ የሚመስለው ጥጥማ ክሽክሽ ነው፤ ሲዳጥ ቀይ መሆኑ ዋና ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ ቦቬሪያ ይሆናል፣ ነገር ግን እንደ ወረደ ብትረጩት ጥጡ ሰም ስለሆነ ውሃው ተንከባሎ ይወድቃል። መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽ ወይም በጠንካራ ብሩሽ ጥጡን ፍቁት፣ ወዲያው ርጩ። ድብልቁ ላይ በሊትር 5 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ብትጨምሩ ይጣበቃል፣ ከፀሐይም ትንሽ ይከልለዋል፤ ዘይቱን ከሳሙናው ጠብታ ጋር አስቀድማችሁ በደንብ ምቱት።

ክሽክሹ ሥር ላይም ይኖራል። ከላይ አጽድታችሁ ሥሩን ከተዋችሁት ተመልሶ ይወጣል። ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥቂቱ ገልጣችሁ እባጭ ካያችሁ ሜታራይዚየሙን እዚያም አፍስሱ። ወደፊት አዲስ ችግኝ ስትገዙ የተዳቀለበት ሥር ኤም ኤም 106 ወይም ኤም ኤም 111 መሆኑን ጠይቁ። የኤም ኤም ሥሮች ሲወጡም ይህን ክሽክሽ እንዲቋቋሙ ታስቦ ነው። እንደኔ እንደኔ ከፈንገሱ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ሎሚው ላይ ያለው ጥላሸት በሽታ አይደለም፣ ነጭ ዝንቡ በሚያንጠባጥበው ማር መሰል ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ዝንቡ ሲጠፋ ይታጠባል። ክንፍ ያላቸው ስትነኩት ይበራሉ፣ ዒላማችሁ ግን ከቅጠሉ ሥር ተለጥፈው የማይንቀሳቀሱት ግልገሎች ናቸው። ስለዚህ የመርጫው አፍንጫ ወደ ላይ ዞሮ ከቅጠሉ ሥር ይግባ። ከላይ ወደታች የተረጨ ሎሚ እንዳልተረጨ ቁጠሩት። እዚህም ቦቬሪያውን በ7 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ርጩ።

ጉንዳን ግንዱን እየወጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አግዱ፤ ክሽክሹንና ነጭ ዝንቡን ከጠላቶቻቸው የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥማችሁ ጨርቁ ላይ ግሪስ ቀቡ። ልጡ ላይ በቀጥታ አይቀባም።

ብርድ አይታለፍም

ሁሉም የረሳችሁት አየሩን ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው «ከ4 እስከ 7 ቀን ይገድላል» የሚለው 25 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷ ይበርዳል፣ ቀን ደግሞ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ፈንገሱ ሁለቱንም አይወድም። 10 ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ሌላ ነገር መርጨት የተለመደ ስህተት ነው።

ስፖሩ ለማቆጥቆጥ ቅጠሉ ላይ ግማሽ ቀን ያህል እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ ለቅጠል የሚሆነው ክረምቱና የበልጉ ዝናብ ነው። የከሰዓቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ርጩ። ዳመናው ገና ከከበደ ተዉት፣ ስፖሩ ሳይጣበቅ ይታጠባል። ከኅዳር እስከ ጥር ቅጠል ላይ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው፤ ቀን አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ የቀረው። አፈሩ ግን እየጠጣ ከሆነ ያኔም ይሠራል፣ ሙቀቱ እንደ አየሩ አይዋዥቅም።

ሌላው ጎረቤት ነው። አራት ኪሎ ግቢና ግቢ ግድግዳ ይጋራል። የእናንተን አፈር ብታክሙም ከአጥር ማዶ ያለው ኮክ ያልተለቀመ ከሆነ እንቁላል የያዘች ዝንብ ወደ እናንተ መምጣቷ አይቀርም። ፈንገሱ የሚቀንሰው እናንተው ዘንድ የሚፈለፈለውን ነው። ስለዚህ ጎረቤትን ማነጋገር የሥራው አካል ነው፤ እምቢ ካሉ ደግሞ ዘይቱኑን ገና ጠንካራ አረንጓዴ ሳለ በወረቀት ከረጢት እያንዳንዱን አልብሱት። ዘጠኝ ዛፍ ላይ የሁለት ሰው የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወጥመድ ስትገዙም ተጠንቀቁ። ሜቲል ዩጂኖል የሚባለው የወጥመድ ማባበያ የሚስበው ባክትሮሴራ የሚባለውን የፍራፍሬ ዝንብ ወንዶች ነው። የሜዲትራኒያኑን ዝንብ፣ ሴራቲቲስ ካፒታታን፣ አይስብም። ባዶ ወጥመድ አይታችሁ «ዝንብ የለም» እንዳትሉ። ሁለቱንም፣ ሴቶቹንም ጭምር የሚስበው የፕሮቲን ማጥመጃ ነው።

ላብራቶሪ

የሩዙን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም፣ እኔ ልመልስ፦ አታድርጉት።

ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ፋብሪካዎችም ሩዝ ላይ ነው የሚያራቡት። ግን ሩዙ መምከን አለበት፣ መምከን ማለት በ121 ዲግሪ ሙቀት ጀርሙን ሁሉ መግደል ነው። እኛ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ ድስት ላይ መቀቀል ምንም አያመክንም። ፕሬዠር ድስትም ቢሆን የግፊት ጌጁ 15 ፒ ኤስ አይ ቢያሳይ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለቀነሰው ውስጡ 117 ገደማ ነው የሚደርሰው፤ አብዛኛው የቤት ድስት ደግሞ 15 እንኳ አይደርስም። የተረፈው ባክቴሪያና ሻጋታ ከእናንተ ፈንገስ ቀድሞ ሩዙን ይወርሰዋል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሜታራይዚየም ሲበስል አረንጓዴ ነው። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታም አረንጓዴ ነው፣ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርተው እሱ ነው። በዐይን ለይቶ «ይሄ የኔ ነው» የሚል ሰው ካገኛችሁ አትመኑት፣ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ልጆች በሚጫወቱበት አፈር ላይ አስፐርጊለስ በባልዲ መድፋት ከሸሻችሁት ኬሚካል አይሻልም። በዚያ ላይ ንጹሕ ዘር ቢገኝ እንኳ ሩዝ ላይ ደጋግሞ የተራባ ፈንገስ ነፍሳት የመግደል ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል።

የግቢው አትክልተኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሩዙ ተሰርዟል። ሦስት ነገር ቀረኝ። መርጫው ባለፈው ክረምት ለጎረቤት ድንች ማንኮዜብ ተረጭቶበታል። ግቢው ውስጥ ዶሮዎችና ሁለት የንብ ቀፎ አሉ። እና መሥራቱን በምን እናውቃለን?

ስፖር ቆጣሪ

ማንኮዜብ ፈንገስ ገዳይ ነው፣ የእናንተም መድኃኒት ፈንገስ ነው። ታንኩን፣ ቱቦውን፣ አፍንጫውን በሳሙና ሦስት ጊዜ እጠቡ፣ ውሃ ሞልታችሁ አሳድራችሁ ድፉት። ቢቻል ሌላ መርጫ ይሻላል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረች ቢጫ ቅሪት በቂ ናት። መዳብና ድኝ ያላቸውም እንዲሁ። አፕሉ ላይ ለሻጋታ በሽታ አንዱን መርጨት ግድ ከሆነ ከፈንገሱ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ይራቅ።

ዶሮዎቹን አታባርሩ፣ ጭረው ሙሽሬውን ለቅመው ይበላሉ። አፈሩን ያከማችሁ ሰሞን ብቻ ለሁለት ሳምንት አግዷቸው፣ ሣሩን በትነው አፈሩን ፀሐይ ላይ ያወጡታልና። የቀፎው ውስጥ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለፈንገሱ አይመቸውም፣ ቢሆንም አበባ ላይ አትርጩ፣ ንብ ከገባች በኋላ ማምሻውን ይሁን። የሐር ትል የሚያረባ ጎረቤት ካለ ግን ቦቬሪያን እርሱት። ፈንገሱ የታወቀውም የሐር ትል ሲፈጅ ነው፤ በ1835 እ.ኤ.አ. አጎስቲኖ ባሲ ጣሊያን ውስጥ ያረጋገጠው ያንን ነበር፣ ቦቬሪያ ባሲያና በሚለው ሙሉ ስሙ ውስጥ ባሲያና የሚለውም ከሱ ነው።

ከአፈር ጀምር

ለማረጋገጥ ሁለት የፕላስቲክ ጣሳ ያዙ። አንዱን በታከመው አፈር፣ ሌላውን ካልታከመ ቦታ በመጣ አፈር እስከ ግማሽ ሙሉ። ከተበላሸ ኮክ ውስጥ 40 የጠገቡ ትሎች ምረጡ፤ የጠገበው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ራሱን አጥፎ ይዘላል፣ የማይዘለው ገና ነው። 20፣ 20 ጨምሩ፣ በሻሽ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ እንዳይደርቅ አርከፍክፉበት። ከአራት ሳምንት በኋላ የወጡትን ዝንቦች ቁጠሩ። ያልታከመው 16 አውጥቶ የታከመው 14 ካወጣ እሽጉ ሞቶ ነበር ማለት ነው፣ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

በታከመው ውስጥ ወጥተው በቀናት የሞቱትን አትጣሉ። እርጥብ ሶፍት ያለበት ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ከ3 እስከ 5 ቀን ቆዩ። በራስና በደረት መጋጠሚያ፣ በእግሩ መገጣጠሚያዎች በኩል መጀመሪያ ነጭ ጸጉር ይወጣል፤ ኋላ ወይራ አረንጓዴ ከሆነ ሜታራይዚየም፣ ነጭ ዱቄት እንደሆነ ከቀረ ቦቬሪያ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ረጅም ጸጉር ካበቀለ ግን ከሞተ በኋላ የያዘው ተራ የዳቦ ሻጋታ ነው፣ አይቆጠርም።